ሳሎን ውስጥ የፈላ ቲማቲም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ተከራይ ነኝ፤ ትንሽ በረንዳ አለችኝ። ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ጸደይ ሳይገባ ቤት ውስጥ ዘር ሲያፈሉ አየሁና እኔም ሞከርኩ። በጥር መጨረሻ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና በሶብላ በእንቁላል ካርቶን ዘርቼ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ቲማቲሙ በአምስተኛው ቀን በቀለ፤ ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ ረዘመና ተጋደመ። ሰላጣው ጭራሽ አልወጣም። ቃሪያው ሦስት ሳምንት ሞላው፤ ዝም። በሶብላው ደህና ነው፤ ግን አንዳንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይወድቃል። እናቴ ሐረር ግቢ አላት፤ ‹አምጪውና እዚህ እንትከለው› ትለኛለች። የት ነው የተሳሳትኩት? መቼ ነው መትከል ያለብኝ? ዘርዝረህ ንገረኝ።»

መጀመሪያ «ንገረኝ» ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም የሚሉት እውነት ነው። ሌላ አገር ስሠራ የናፈቀኝ አንዱ ነገር እሱ ነበር።

ዘርዝር ካልሽኝ ደግሞ እዘረዝራለሁ። ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

አዘራርሽ ላይ ብዙ ስህተት የለም። ስህተቱ የመጣው ከቪዲዮው አገር ነው። እዚያ ውጭው በረዶ ነው። ቲማቲም አንድ ሌሊት ውርጭ ካገኘው አለቀለት። ሞቃቱ ወቅታቸው ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ውርጩ ከሚያልፍበት ቀን ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ቀድመው ቤት ውስጥ ያፈላሉ። ቤቱ ማሞቂያ አለው። ከችግኙ በላይ ጥቂት ክፍተት ብቻ ትተው መብራት ይሰቅላሉ፤ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያበሩታል። ያንን መብራት ልብ ያልሽው አይመስለኝም። ብዙ ሰው ዘሩን ያያል እንጂ መብራቱን አያይም።

ድሬ ላይ ውርጭ የሚባል ነገር የለም። የድሬ ችግኝ ጠላት የቀትር ፀሐይ ነው፣ የሚያደርቅ ነፋስ ነው፣ የጋለ ቆርቆሮ ነው። እነሱ ችግኙን ከብርድ ይሸሽጉታል፤ እኛ ከሙቀት። ስለዚህ «ቤት ውስጥ» ሲሉ ስትሰሚ «ጥላ ውስጥ» ብለሽ ያዢው። በስድስት ሰዓት ከዚራ ሰፈር ስትሄጂ የትኛውን የመንገድ ዳር ትመርጫለሽ? ዛፍ ያለበትን ነው አይደል? ችግኝሽም እሱን ነው የሚፈልገው፤ ብርሃኑ ያለ፣ እሳቱ የሌለ።

አሁን ወደ ቲማቲሙ። እንደ ክር የቀጠነው ብርሃን ፍለጋ ነው። ዓይናችን ያታልለናል። ሳሎኑ ለእኛ ብሩህ ነው፤ ጋዜጣ እናነብበታለን። ተክሉ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። ውጭ ቀትር ላይ ያለው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ከመስኮቱ አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ስትይ ብዙ ጊዜ የዚያን መቶኛ አታገኚም። ቡቃያው ድንጋይ ሥር የተቀበረ ይመስለዋል። ያለችውን ጉልበት ሁሉ አንገቱን ለማስረዘም ያፈሳታል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይሮጣል። ብርሃን ሲያንስና ሙቀት ሲበዛ ያየሽው ክር ይወጣል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ተመርቄ ሥራ በያዝኩበት ዓመት ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነበርኩ። ፀሐይዋን ፈርቼ ቲማቲም የተዘራባቸውን ትሪዎች በሙሉ ቆርቆሮ ቤት መጋዘን ውስጥ አስገባሁ። በሩን ከፍቼ «አየር ይበቃዋል» አልኩ። በሳምንቱ ሁሉም አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ ተኝቷል፤ በሩን የሚጠብቅ ሰልፈኛ ነው የሚመስለው። አሮጌው የጣቢያው ዘበኛ አየት አደረገውና «ልጄ፣ አስረኸዋል እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ችግኝ አላሰርኩም።

መፍትሔው በረንዳሽ ነው። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ከሆነ እድለኛ ነሽ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ያለው ፀሐይ ለቡቃያ ምግብ ነው። ከዚያ በኋላ ጥላ ያስፈልገዋል። ፊቷ ወደ ምዕራብ ከሆነ ችግር አለ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ያኔ ስስ ነጠላ ወይም ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ የጥላ መረብ ከላይ ወጥሪ። ከተክሉ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ጥላ ሳይሆን ምጣድ ይሆንብሻል።

የተጋደሙትን ቲማቲሞች አትጣያቸው። ቲማቲም ግንዱ አፈር ከነካ ከግንዱ ሥር ያወጣል። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ካወጣ በኋላ ጠለቅ ያለ ዕቃ ውስጥ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አንገት ድረስ ቅበሪው። እውነተኛ ቅጠል የምለው መጀመሪያ የሚወጡትን ለስላሳ ሁለቱን አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ጠርዙ የተቆራረጠውንና ሲነኩት ቲማቲም ቲማቲም የሚሸተውን ነው። የውኃ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቁረጪና ከታች ሦስት አራት ቦታ ብሺው፤ ይበቃል። ስታነሺው ቅጠሉን ያዢ እንጂ ግንዱን አትያዢ። ቅጠል ቢጎዳ ይተካል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ አከተመ። ይህን ብልሃት ለሰላጣ አትሞክሪው፤ ልቡ አፈር ከገባ ይበሰብሳል።

ሰላጣው ያልበቀለው ስለተኛ ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። የሰላጣ ዘር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ዘሩ በሩን ዘግቶ ይተኛል። «አሁን ብወጣ እሞታለሁ» ያለ ነው የሚመስለው። ከቆርቆሮ ሥር ያለ የድሬ ሳሎን ደግሞ በየካቲትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ 30ን ያልፋል። ይባስ ብሎ እርጥበትና ሙቀት ላይ ብዙ የቆየ ዘር፣ በኋላ ቢቀዘቅዝለትም እንቅልፉ አይለቀውም። ስለዚህ የዘራሽውን አትጠብቂው። እንደገና ዝሪ፤ ግን እንዲህ አድርጊ።

ንጹሕ ሶፍት ወይም ጨርቅ አርጥበሽ ጭመቂው። ዘሩን በትኚበትና እጠፊው። በፌስታል ከተሽ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ሳይሆን ታች አትክልት የምታስቀምጪበት ጋ፣ ሦስት ቀን አሳድሪው። ከዚያ አመሻሽ ላይ ዝሪው። አመሻሽ ያልኩት ምክንያት አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹን አስራ ሁለት ሰዓታት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያሳልፋል። አፈር አትከምሪበት፤ የሰላጣ ዘር ብዙው ዓይነት ብርሃን ማየት ይፈልጋል። በጣትሽ ጫን ጫን አድርገሽ ስስ አፈር አልብሺው። እቃውን ቀን ቀን የውኃ እንስራ ወይም ጀሪካን የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ጥግ አድርጊው። ጫፉ እንደታየ ግን ወደ ብርሃን አውጪው፤ አንድ ቀን ከዘገየሽ እንደ ቲማቲሙ ይሆናል።

ቃሪያው ላይ ትንሽ ጠርጥሬያለሁ። ቃሪያ ሰነፍ ነው። ሐረር በታኅሣሥ ሦስት ሳምንት ቢቆይ አይገርመኝም። ድሬ ግን ሙቀቱ ይስማማዋል፤ ከሁለት ሳምንት ማለፍ አልነበረበትም። ስለዚህ ዘሩ ራሱ ሞቷል ወይም በውኃ ታፍኗል ብዬ አስባለሁ። ዘሩን ከየት እንዳገኘሽው አልጻፍሽልኝም። ለወጥ ከተገዛ አረንጓዴ ቃሪያ ፈልቅቀሽ ከሆነ ዘሩ ገና አልደረሰም። ቃሪያ ለዘር የሚሆነው ተክሉ ላይ ቀልቶ፣ ለስለስ ሲል ነው። ከደረቅ በርበሬ ላይ ካነሳሽው ደግሞ አስፋልት ላይ ተሰጥቶ ምን ያህል ፀሐይ እንደመታው አላህ ይወቀው።

ዘር የምትገዢ ከሆነ የታሸገበትን ቀን እዪ። ከዚያ በላይ ግን ማሸጊያው ሱቁ ውስጥ የት እንደቆመ እዪ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየመታው የተንጠለጠለ ዘር ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሁሉ አይሠራለትም። ዘር ሕይወት አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል። የሽንኩርት ዘር በተለይ ዓመት ካለፈው አትመኚው። የተረፈሽን ዘር ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ውስጥ ከተሽ ፍሪጅ አስገቢ። እርጥበቱን እንዲመጥልሽ መጥበሻ ላይ አመስ ተደርጎ የቀዘቀዘ አንድ እፍኝ ሩዝ ታች ጣል አድርጊበት።

ሳትዘሪ በፊት ደግሞ ፈትኚው። 20 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጪ። ቲማቲም ከሆነ አሥር ቀን፣ ቃሪያ ከሆነ ሁለት ሳምንት ስጪው። 14 ከበቀለ 70 በመቶ ነው፤ ደህና። 6 ብቻ ከበቀለ ወይ አብዝተሽ ዝሪ፣ ወይ ሌላ ግዢ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዲቃላ ዘር ፍሬ ላይ ዘር አታስቀሪ። ዲቃላ የሚባለው ሁለት ዓይነት ተዳቅሎ የተገኘው ነው፤ ልጁ እናቱን አይመስልም። እንደ ሮማ ቪኤፍ ቲማቲም ወይም እንደ ማረቆ ፋና በርበሬ ያለውን ግን ራስሽ ልታስቀሪው ትችያለሽ።

በሶብላውን ከሥሩ እያጠቆረ የሚጥለው ሻጋታ መሰል ተባይ ነው። ባለሙያዎች «ዳምፒንግ ኦፍ» እንለዋለን። አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ጭቅይት ያለ እርጥበት፣ የተጨናነቀ ቡቃያና የማይንቀሳቀስ አየር ሲያገኝ ይነሳል። ግንዱ ከአፈሩ አፍ ላይ ክር ያህል ይሰልላል፤ ከዚያ ይወድቃል። የወደቀው አይድንም። መድኃኒት ፍለጋ አትሂጂ። የታመመውን ከነአፈሩ በማንኪያ አንስተሽ ጣይው፣ የቀረውን አሳሺው፣ ውኃ ቀንሺለት፣ ንፋስ ወዳለበት አውጪው። አብዛኛው በዚህ ይተርፋል።

የእንቁላል ካርቶኑን ነገር እዚህ ላይ ላንሳው። እኔ አልወደውም። ለፎቶ ያምራል። ግን ጥልቀት የለውም፤ ጠዋት ያጠጣሽው ከሰዓት ይደርቃል፣ ደግመሽ ስታጠጪው ካርቶኑ ራሱ ይሻግታል። የሳልሳ ጣሳ፣ የእርጎ ኩባያ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ ይሻላል። ጥቁር ፕላስቲክና ጣሳ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ሥሩን ይቀቅለዋል። ነጭ ማዳበሪያ ጠቅልይበት፤ ወይም ሰብሰብ አድርገሽ አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪያቸው፣ ጎን ለጎን ይጠላለላሉ።

አፈሩን ጣቢያ ላይ የምንቀላቅለው ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገን ነው። ለድሬ አሸዋ አላስቸግርሽም፤ የደቻቱ ወንዝ ይኑርልን። ግን ከሰፈር በታች ያለውን፣ ቆሻሻ የሚጣልበትን አትውሰጂ፤ ከወሰድሽም ደጋግመሽ እጠቢው። ብስባሹን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን አንቺ ሳትጠይቂኝ ልመልስ። ገረባ ይሆናል ወይ? አዎ፣ ከበሰበሰ። ትኩሱን የጫት ገረባ አፈር ውስጥ ብትነክሪው ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይበላዋል፤ ችግኝሽ ይገረጣል። ከፍየል በጠጥና ከአፈር ጋር እየደረብሽ፣ እያረጠብሽ፣ እያገላበጥሽ ከርሞ ጥቁር ሆኖ የዝናብ አፈር ሲሸት ነው የሚገባው። ግንዱን ግን ለፍየሎቹ ተዪላቸው።

ለቡቃያ የሚሆነውን አፈር ሳፋ ውስጥ አድርገሽ የፈላ ውኃ ድፊበትና ሸፍነሽ አሳድሪው። ይህ ሻጋታውን ይቀንሰዋል። ጊዜ ካለሽ ደግሞ የድሬን ፀሐይ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለጥቅም አውይያት፦ አፈሩን አርጥበሽ፣ ግልጽ ፕላስቲክ አልብሰሽ ጠርዙን አፍነሽ፣ አራት እስከ ስድስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተዪው። ነጻ ነው።

ውኃው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ውስጡን እዪው። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። የድሬ ውኃ ከባድ ነው፤ ለአፈሩም ያንኑ ይጨምርለታል። ለትልቅ ተክል ብዙም አይደለም። ትንሽ ጣሳ ውስጥ ላለ ችግኝ ግን ከሳምንት ሳምንት ይጠራቀማል። ምልክቱ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ነው። ሰው ይህን ሲያይ ዩሪያ ይጨምራል፤ ጉዳዩ ግን ብረት ነው፣ ኖራው አስሮበት ተክሉ ሊወስደው አልቻለም። የዝናብ ውኃ ካጠራቀምሽ ለችግኞቹ አስቀሪላቸው። ከሌለሽ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ተጠቀሚ፤ ከኖራው ብዙው ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል።

አጠጣጡ ጠዋት ይሁን። ማታ ያጠጣሽው እርጥብ እንደሆነ ያድራል፤ ሻጋታው ሠርግ ነው የሚሆንለት። ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ጣሳዎቹን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አስቀምጪያቸውና አውጪ። ከታች ይጠጣሉ፤ ላዩ ደረቅ ይላል።

ሳፋውን ግን ድፊው። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ታስታውሻለሽ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ ትንኝ ናት የተያያዘችበት። እሷ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ክፍቱን ያደረ የውኃ ዕቃ ይበቃታል። የደንጊ ትኩሳትን የምታመጣዋ ትንኝም እንደዚያው ናት። ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ሰሐን ሳይቀር ይፈለፍላል። ስለዚህ ለአትክልት ብለሽ የምታጠራቅሚው ውኃ ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ ሰሐኖቹን በየቀኑ ድፊ። ቲማቲም አበላለሁ ብለሽ ሰፈሩን አታስተኚ።

አሁን ወደ ዋናው፣ መቼ ወደሚለው። የቪዲዮው አገር ጸደይ፣ ስፕሪንግ የሚሉት፣ በፈረንጅ ማርችና ኤፕሪል ነው፤ የኛ መጋቢትና ሚያዝያ ማለት ነው። እነሱ ከዚያ በኋላ ቀኑ ይለሰልስላቸዋል። ድሬ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም። በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይነካል፤ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ቲማቲም ደግሞ ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱ ከ22 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። ተክሉ ያምራል፣ ቅጠሉ ይፈላል፣ ፍሬ አይቋጥርም። በጥር መጨረሻ የዘራሽው በመጋቢት መጀመሪያ ይተከላል፤ በሚያዝያ ያብባል። ልክ ምጣዱ ሲግል ማለት ነው። ብዙ የድሬ ሰው «ቲማቲሜ አበበና ረገፈ፣ ምን ልርጨው?» ይለኛል። ምንም አትርጭ። ቀኑን ቀይር።

ለድሬ የቲማቲም ትክክለኛ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ አፍዪ። ድሬ ሞቃት ስለሆነ 30 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ ስድስትና ስምንት ሳምንት የሚባለው ለብርድ አገር ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ትከዪ። አበባው ኅዳር ላይ ይወጣል፤ ሌሊቱ ቀዝቅዟል፤ ፍሬ ይቋጥራል። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ትለቅሚያለሽ። ቃሪያም እዚያው ላይ ነው፤ እሱ ግን ሁለት ወር ያህል ችግኝ ሆኖ ስለሚቆይ ትንሽ ቀድመሽ ጀምሪው። ሽንኩርት መደብ ላይ ሰባት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሰላጣን ከጥቅምት በፊት አታስቢው።

ይህ ማለት ከየካቲት እስከ ነሐሴ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ ማለት አይደለም። ባምያ አለ። ባምያ ሙቀቱን እንደ ድሬ ልጅ ነው የሚችለው። ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ቀጥታ ቦታው ላይ ዝሪው፤ መዛወር አይወድም። በሶብላም ሙቀቱን ይወዳል። ደበርጃንም ከቲማቲም ይሻላል።

ሐረር ሌላ ዓለም ነው። ከድሬ በ50 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ግን ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በየመቶ ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ፈቀቅ እያለ ይቀዘቅዛል፤ ደምሪው፣ አራት አምስት ዲግሪ ይመጣል። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ መስኮቱን የምትዘጊው ለዚህ ነው። ለቲማቲም አበባ ያቺ አራት ዲግሪ ናት ሕይወትና ሞት። ሐረር ላይ በጥር አፍልቶ በመጋቢት፣ በበልግ ዝናብ መትከል ያስኬዳል። ሐረማያና የሐረርጌዋ ኮምቦልቻ ያሉ ገበሬዎች ድሬንም ጅቡቲንም በአትክልት የሚያጠግቡት ያ አየር ስላላቸው ነው።

ቤት ውስጥ ማፍላትም ከምር ትርጉም የሚኖረው ሐረር ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቃሪያ ውጭ ከተዘራ ይለግማል። እናትሽ ዘሩን ወጥ ቤት፣ ሙቀት የማይጠፋበት ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጁ አናት ላይ አድርጋ ታብቅለው። እንደበቀለ ጠዋት ወደ ፀሐይ፣ ማታ ወደ ቤት። በክረምት ግን ቲማቲም አትትከል። ሐረር ቅዝቃዜና ዝናብ ሲገናኙ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ቅጠሉን ጠብሶት ይሄዳል። በክረምት ጎመንና ቆስጣ ይሁን። የሐረርን የውኃ ነገር ደግሞ ለእናትሽ እኔ አልነግራትም፤ ስንት ዓመት በጀሪካን ቆጥራ ኖራለች። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውኃ ለተክል ይሆናል፤ በረኪና የገባበት አይሆንም።

ቅመሞቹን ባጭሩ። ለናና፣ ለጠጅ ሳር፣ ለኮሰረትና ለጥብስ ቅጠል ዘር አትግዢ። ናናና ጠጅ ሳር ከጎረቤት ከነሥሩ ቆንጥረሽ ነው የሚተከሉት። የጥብስ ቅጠልና ኮሰረት ቅርንጫፍ ቆርጠሽ፣ ታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ፣ አሸዋማ አፈር ውስጥ ጥላ ላይ ብትሰኪው ሥር ይይዛል። የጥብስ ቅጠል ከዘር ማብቀል የሰው ትዕግሥት መፈተኛ ነው። ድምብላል ቀጥታ ቦታው ላይ ይዘራል። ክቧ ፍሬ ውስጧ ሁለት ዘር ናት፤ በጠርሙስ ለዘብ አድርገሽ ዳምጫትና ለሁለት ክፈያት። ድሬ በሙቀት ወቅት ከተዘራ ግን ቅጠል ሳትቆርጪለት ያብብብሻል፤ እሱንም ለጥቅምት አቆዪው። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ነው፤ አፈር አትጫኚበት። አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ አናቱን ቅንጠቢው፤ ወደ ጎን ይበዛል።

እንግዲህ አሁን የካቲት እያለቀ ነው። ምን እናድርግ?

በሶብላውን ድሬ አስቀሪው። ቃሪያውን አፈሩን ቆፍረሽ እዪ፤ ዘሩ በጣት ሲጫኑት የሚላላ ከሆነ ሞቷል። ሰላጣውን በፍሪጁ መንገድ አንድ ጊዜ ሞክሪ፤ ግን ቢበቅልም ሐረር ነው የሚሄደው፤ ድሬ ላይ ሳይደርስ ይመርራል። ቲማቲሙን ለእናትሽ ውሰጂላት። እሷ ትክክል ናት።

አሁን ግን እንዳታነሺው፤ ገና ክር ነው። ዛሬውኑ ሃይላንድ ውስጥ አንገቱ ድረስ ቅበሪው። ሦስት ቀን ሙሉ ጥላ ስጪው። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት፣ እንዲህ እያልሽ አለማምጂው። አንዴ በቀን በእጅሽ አናቱን ዳበስ ዳበስ አድርጊው፤ ነፋስ የነካው መስሎት ግንዱን ያወፍራል። እርሳስ ያህል ወፍሮ አንድ ስንዝር ሲሞላ ደርሷል። ሁለት ሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል።

የምትሄጂ ዋዜማ ጠዋት አጠጪው፤ በሄድሽበት ቀን አታጠጪው፣ መንገድ ላይ ይፈርስብሻል። ካርቶን ውስጥ አጠጋግተሽ ደርድሪው፤ ክፍተቱን በጋዜጣ ሙዪው። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «ጣሪያ ላይ እንጫነው» ይልሻል። እምቢ በይው፤ አቦ፣ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍለሽም ቢሆን ጭንሽ ላይ ይሁን። የደንገጎ ነፋስ ካገኘው ሐረር ስትደርሺ ጭራሮ ነው የምታወርጂው። ደርሰሽም ወዲያው አትትከዪው። ከድሬ የወጣ ችግኝ ለሐረር ሌሊት እንግዳ ነው፤ ሦስት አራት ቀን በረንዳ ላይ ይደር።

ከዚያ አመሻሽ ላይ፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በረድፍና በረድፍ መካከል አንድ ሜትር ሰጥታችሁ ትከሉት። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዋሻ የመሰለ መስመር ካያችሁ ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ትል ገብታለች፤ አገራችን ከገባች ከ2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ ቲማቲም ያለበት ሁሉ አለች። ቅጠሉን ቀንጥሳችሁ አቃጥሉት እንጂ ግቢ ውስጥ አትጣሉት። አጥሩንም ለእናትሽ አስታውሺያት፤ የጎረቤት ፍየል ቲማቲም ድሬ ይፍላ ሐረር አይለይም።